የቆረጥኋቸው ጫፎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 9፡40

የመመረቂያ ጥናቴን ሳቀርብ ሰባተኛው ስላይድ ላይ ተበላሸ። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ የቫይረሱ ሁለቱ ጫፎች የት ሄዱ ብለው ጠየቁ። አማካሪዬ ዶ/ር አ. አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ። «ተማሪዋ ናት የቆረጠችው። ነግሬያት ነበር።»

ነግሬያት ነበር! የነገረኝ «ቁረጪው» ብሎ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር እሱን «እሳቸው» አልልም። አንቱታዬ አልቋል።

እኔስ? ዝም አልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ድንች ቫይረስ ስለፈልፍ ኖሬ፣ የምትጠቅመው አንዲት ቃል ጠፋችኝ። ፈታኙ «አልተሟላም» ብለው ጻፉ። መመረቄ ተንጠልጥሏል።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 19። ጠዋት

ግቢ አልሄድሁም። ደብተሬ፣ ምን እንደጣልሁ ልንገርሽ።

የቫይረሱ ዘረመል አንድ ረጅም የአር ኤን ኤ ክር ነው። አብዛኛው ክፍል የፕሮቲን ትእዛዝ ነው። ሁለቱ ጫፎች ግን ፕሮቲን አይጽፉም። ሥራ ፈት ይመስላሉ። አይደሉም። የፊተኛው የተክሉን ፕሮቲን ሠሪ ጠርቶ «ከዚህ ጀምር» ይለዋል። የኋለኛው ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፤ ቫይረሱ ራሱን መቅዳት የሚጀምረው ከዚያ ነው። እዚያ አንድ ሁለት ፊደል ሲለወጥ በሽታው ሊከፋም ሊለዝብም ይችላል።

አያ ደሴ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። ከሉማሜ ወጣ ብሎ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር ዘር ተካፍለው ዘሩ። የእሳቸው ድንች ቅጠሉ ተጨማደደ፤ የጎረቤታቸው ያንኑ ቫይረስ ይዞ ለምለም ነው። ለምን? ፕሮቲን የሚጽፈውን ክፍል አነጻጸርሁ። ፊደል በፊደል አንድ። ልዩነቱ ካለ ጫፎቹ ላይ ነበር።

አውቅ ነበር። የሚቆጨኝ ይህ ነው። ዓምና ጫፎቹን እናቆይ ብዬው፣ ፕሮቲን ለማይጽፍ ነገር ምን ያለፋሻል አለኝ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ሞልቷል፣ ጥሬውን ፋይል አጥፊው አለ። አጠፋሁት። በገዛ ጣቴ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20

ሰሚራ መጣች። ላብራቶሪ አብራኝ የምትሠራ፤ አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ለእኛ ለእኩዮችሽ ምላስሽ ጎራዴ፤ እሱ ፊት ሲሆን ቅቤ! ከድንቹ ጋር ነው ከዶክተሩ ጋር የተጋባሽው?»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ። ላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን የአያ ደሴን ድንች ናሙና አይተን ተመለስን። ክረምት መብራት በጠፋ ጊዜ ተበላሽቷል። ሰሚራ ግን አንድ ነገር አስታወሰችኝ፦ ቫይረሱ ድንቹ ውስጥ ይከርማል። ድንቹ ካለ ጫፎቹም አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 22። ሉማሜ፣ ሻይ ቤት፣ መኪና እየጠበቅሁ

አያ ደሴን ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ከታመመው ድንች ተርፎ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ከየት ይተርፋል? ንቀሉ ያልሽው አንቺ! ነሐሴ ላይ ግንዱንም ፍሬውንም ነቅዬ ቀበርሁት። እንዲህ ያለ ታዛዥ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ምክሬ ትክክል ነበር። ግን ከመነቀሉ በፊት ጥቂት ማስቀረት ነበረብኝ። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ስንፍና ነው።

ምን እንዳጠፋሁ ነገርኋቸው። ጫፎቹ ፕሮቲን አይጽፉም ተብሎ መቆረጣቸውን።

«አያርስም ብሎ የበሬ ጅራት የሚቆርጥ ማን አባቱ ነው? በዝንብ ያልቅ የለም እንዴ በሬው!»

ጎረቤታቸው ለዘር ካስቀመጠው አምስት ድንች ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። የለምለሙን ጫፍ አነብ ይሆናል። የሚነጻጸርበት ግን አፈር ውስጥ በስብሷል። ለአያ ደሴ መልስ የለኝም። ስሰናበታቸው መልሱን ደግመው አልጠየቁኝም፤ እሱ ባሰብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 24። 5 ሰዓት

ዶ/ር አ. ቢሮው ጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። «ልጄ» አለኝ። ወረቀት አወጣ፤ የመረጃው ጉድለት በተማሪዋ ጥንቃቄ ማነስ የመጣ ነው ይላል። ከፈረምሁ በወሩ መጨረሻ እንደገና አቅርቤ አልፋለሁ፤ ካልፈረምሁ ዓመት ልጠብቅ እችላለሁ። ለሁላችንም ይበጃል አለ።

እስክሪብቶውን አነሣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብተሬ፤ ልፈርም ነበር። እናቴን አሰብሁ፣ የምረቃ ቀሚሴን ጨርቅ ገዝታለች። ከዚያ ያ ማክሰኞ ከፊቴ ድቅን አለ፤ አዳራሹ፣ ዝምታዬ። እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። ሻዩንም አልጠጣሁት።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ነገ ጠዋት ለትምህርት ክፍሉ ይገባል። ጫፎቹን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፣ ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቁረጪ፣ አጥፊ ያለኝ እሱ ነው። ሁለቱም ሰፍሯል። ሰሚራ አነበበችው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምራ መለሰችልኝ።

ዓመቱ ይሂድ። የእናቴ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ ይክረም። የራሴን ጥፋት እሸከማለሁ፤ ከባድ ነው፣ ይገባኛልም። የእሱን ደርቤ ግን ከእንግዲህ አልሸከምም።