«አትነቃነቅ» በጋሞኛ

ኅዳር 5
ውሃ መጣ። ልብስ አጠብኩ። ባለቤቴ ኤርጫፎ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የጭንቅላቱ ስፌት ደርቋል። ሳልፍ አንድ ነገር አለኝ... በጋሞኛ። «ምን አልክ?» ደገመው። በጋሞኛ። የአንጎሉ ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣለት ወዲህ አማርኛው ጠፍቶበታል። የምለውም አብዛኛው አይገባውም። ደሴ ተወልጄ፣ እዚህ ጋሞ አገር ተምሬ፣ እዚሁ አግብቼ ከሰላምታ በቀር ጋሞኛ አላውቅም። ሁልጊዜ እሱ ነበር ወደ እኔ ቋንቋ የሚመጣው።

ኅዳር 9
ዶክተሩ ደወለ። ዕጢው ተጠርጎ አልወጣም፤ ሳይቆይ ጨረር ያስፈልገዋል። እናቱ፣ እማማ ወለቴ፣ ከገረሴ ወርደዋል። የሚሉትን እህቱ ልክነሽ ታስተረጉምልኛለች።
«ጨረር ያቃጥላል ይላሉ። የቀረችውን ቋንቋ ቢወስድበትስ?»
እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። እሱን ጠየቁት። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።
«አንቺ ወስኚ ነው የሚለው፣ ፀደይ» አለች ልክነሽ።

ኅዳር 10
እንሄዳለን።

ኅዳር 24
አዲስ አበባ። ጭንብል ሠሩለት። የሞቀ ፕላስቲክ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጨረሩ ቦታውን እንዳይስት ጭንቅላቱ በእሱ ከጠረጴዛው ጋር ይታሰራል። ልክነሽ በጆሮው ስታስረዳው ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 3
የመጀመሪያው ቀን። ልክነሽ ልጇ ታሞባት ትናንት ተመለሰች። የጨረር ባለሙያዋ ከውጭ ሆና በማይክ «አይንቀሳቀሱ» ትላለች። አይገባውም። በስክሪን አየሁት... እግሩ ይፈራገጣል፣ ጭንብሉን ይቧጥጣል። አቆሙ። ሲወጣ ቀና ብሎ አላየኝም።
«ነገም እንዲህ ከሆነ ጨረሩን ልንሰጠው አንችልም» አለች ባለሙያዋ።
ለልክነሽ ደወልኩ። አትነቃነቅ። እዚህ ነኝ። ሊያልቅ ነው። እነዚህን አስጠኚኝ አልኳት። ምላሴ እምቢ አለ። ደግሜ፣ ደግሜ...

ታኅሣሥ 4
ማይኩን ሰጡኝ። ምን ዓይነት ጋሞኛ እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው። ግን እግሩ ረጋ። ማሽኑ ዞሮ እስኪጨርስ አላቋረጥኩም። ሲወጣ የወንፊቱ ቅርጽ ፊቱ ላይ ታትሟል። ይስቃል! ምን አሳቀው? በስልክ ለልክነሽ ነገራት፤ እሷም ለእኔ።
«'ሊያልቅ ነው' በይ ብልሽ 'አንተ ልታልቅ ነው' ብለሽዋል።»
ሳቅሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 2
ፀጉሩ በአንድ ጎን ረገፈ። ያስመልሰዋል፣ ቀን ሙሉ ይተኛል። ማታ ማታ ልክነሽ በስልክ ጋሞኛ ታስጠናኛለች። ዛሬ ስሜን ሊጠራ ሞከረ። አልመጣለትም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደግ ነው የወሰንኩት?

ጥር 15
አለቀ። ጭንብሉን መውሰድ ትችላላችሁ አሉን። ጥለነው ወጣን።

ሚያዝያ 16
ሴቻ፣ ቤታችን። የኤምአርአይ ውጤት ደረሰ። የቀረው አላደገም። «እየተከታተልን እናያለን» ነው ያለው ዶክተሩ፤ ድኗል አላለም። አማርኛው ከጥቂት ቃላት በቀር አልተመለሰም።
ዛሬ ኩልፎ ወንዝ ወርጄ የሙዝ ማሳዬን ካላየሁ አለ። ብቻህን? በዚህ ፀሐይ? እያዞረህ? ጮኸ። ጮህኩ። እማማ ወለቴ ከጓሮ ሆነው «ኧረ ጎረቤት ይሰማል!» ይላሉ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በንዴት ጫማዬን ሳስር ነው የገባኝ... ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅ አንድም የአማርኛ ቃል ከአፌ አልወጣም። እማማም እኮ ለእኔ ነው በጋሞኛ የጮኹት።
ሮጬ ደረስኩበት። እስከ ኩልፎ እየተነጫነጭን ወረድን።