ሩፋይዳ የጻፈቻቸው ሃያ ዓረፍተ ነገሮች

መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ አብዱልወዱድ፣

የአላህ ሰላም ካለህበት ጂዛን ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ስኳሬም አልባሰብኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ ስደውል ስልክህ ይጠራል፣ አታነሳውም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። የእህትህ ጓደኛ ኣርሴማ ፎቶ አንስታ በኢሞ ትልክልኛለች። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሩፋይዳ ባለፈው ዓርብ፣ የእንግሊዝኛ ኮርሱ ፈተና እስኪያልፍ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ኣርሴማ ጋ ሆኜ ላጥና ብላኝ ወጣች። ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው፤ እያጠናች ይሆናል ብዬ ተውኩት። ማክሰኞ ጧት ፍራሿን ፀሐይ ላይ ላሰጣ ሳነሳ ደብተሯን ከሥሩ አገኘሁት። ረስታው ነው ብዬ ላደርስላት ስወጣ፣ ጎረቤታችን መምህር ገብረተንሳኤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ ልጄ እንዴት ናት፣ እስቲ ይዩልኝ ብዬ ሰጠኋቸው።

ገለጥ ገለጥ አድርገው ደስ አላቸው። አስተማሪዋ በአንድ ግስ ሃያ ዓረፍተ ነገር እንድትሠራ አዟት ኖሯል። ግሱ «ቴክ» ይባላል።

«ረሒማ ሓፍተይ፣ ይቺ ግስ ተማሪ ታስለቅሳለች» አሉኝ። ላለፈ ነገር ሲሆን «ቱክ»፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ «ቴክን» ትሆናለች፤ ደንብ አትከተልም። መውሰድም እሷ ናት፣ መያዝም እሷ ናት። መድኃኒት መዋጥ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ጊዜ መፍጀት ሁሉም በእሷ ይነገራል። ሩፋይዳ አንዱንም አልሳተችም አሉና እያንዳንዱን ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልኝ ጀመር።

አውቶብሱ እስከ አፋር ይወስደናል። ከዚያ በእግር አራት ቀን ይፈጃል። ሁሉም ሰው ውሃ ይያዝ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ወንድሜ ጂዛን ቤቱ ያስጠጋኛል።

እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ። መነጽራቸውን አውልቀው ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ጠየቁኝ። እኔ ግን የመጨረሻውን ያንብቡልኝ ብዬ ያዝኳቸው። ወረቀቱን ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ባሕሩ ጊዜ ከወሰደ ለእናቴ አትንገሯት ይላል» አሉኝና ደብተሩን ዘጉት።

በባጃጅ ዓዲ ሓቂ ሄድኩ። ኣርሴማ በሩን ከፍታ ስታየኝ አለቀሰች። ዓርብ አብረው መናኸሪያ ሄደው ነበር፤ አውቶብሱ ሊነሣ ሲል እሷ ፈርታ ወረደች። ሩፋይዳ አልወረደችም። ከሚያሻግራችሁ ደላላ ጋር ማን አገናኛችሁ ብላት፣ አቀርቅራ ያንተን ስም ጠራች። አልተቆጣኋትም። ደብተሩን ዘርግቼ የመጨረሻውን አንብቢልኝ አልኳት።

«ጊዜ የሚል የለበትም፣ ኣደይ» አለችኝ። «ባሕሩ ከወሰደኝ ነው የሚለው።»

መምህሩን አልወቀስኳቸውም፤ እንዳመንኳቸው መስሏቸው ይቆዩ።

ወዱዴ፣ አንተ ስትሻገር አብሮህ የተሳፈረው የሐይቅ ከተማ ልጅ ባሕሩ ላይ ምን እንደሆነ አንተው ነህ የነገርከኝ። ያን እያወቅህ እንዴት አስቻለህ ልልህ ነበር። ግን እኔም አለሁበት። እዚህ ጦርነቱ ይመለሳል የሚል ወሬ ከተነሣ ወዲህ ሰው ዱቄትና ዘይት ብቻ ነው የሚገዛው፤ የኔን ሰልባጅ ልብስ የሚያይ የለም። ባለፈው ወር ተበሳጭቼ ገብቼ፣ ወንድምሽ ባንቺ ዕድሜ ቤት ያቆም ነበር አልኳት። የበላንበትን ሳህን አጥባ ገብታ ተኛች።

ትናንት ከዙሁር ሶላት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ነፋስ ይሰማል። የሚተነፍስ ሰው አለ፣ አይናገርም። «ሩፋይዳ» አልኩ። እንዳልተቆጣኋት፣ ያን የተናገርኩትን ዳግም ከአፌ እንደማላወጣው፣ ብቻ እንድትመለስ ነገርኳት። ከዚያ አንድ ወንድ ከኋላ በዐረብኛ ጮኸና ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው። አጠገቤ የሚነግደው ጀላሉ ቁጥሩን አይቶ የጅቡቲ ነው አለኝ።

እንግዲያው ባሕሩን ገና አልተሻገረችም። ደላላውን የምታውቀው አንተ ነህ። ይህ እንደደረሰህ ደውልለት። እናቷ አልጋ ይዛለች በለው። ካልሰማህ ሞታለች በለው፤ ለእሷም ይንገራት። እኔ ሞቼ ከሆነ ትመለሳለች፤ ልጄን አውቃታለሁ።

አላህ አንተን ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ እሷን ባንተ ሰበብ ለቤቷ ያብቃልኝ።

እናትህ ረሒማ