ለወንድሜ የሰጠሁት መልስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ቢቸና

ጠዋት አከራዬ እትዬ ዘውዴ ሚስት ሊፈልጉልኝ አስበው፣ «እናንተ ሞርሞኖች ብዙ ሚስት ታገባላችሁ አሉ» አሉኝ። «የድሮ ነው እትዬ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከተወችው ቆየች» አልኳቸው። እፎይ አሉ።

ከሰዓት ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ልቡ ወደ ወንድ እንጂ ወደ ሴት እንደማይሄድ ባለፈው ሳምንት ነግሮኛል። «እኛ ዘንድ ለእኔ ቦታ ይኖር ይሆን?» አለኝ። «ስለ ጋብቻ ያለን ትምህርት ተለውጦ አያውቅም» አልኩት፣ በዚያው በጠዋቱ አፌ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋ። ደግሜ ብደውል አያነሳም።

ወደዚህ እምነት ያመጣሁትም ያጠመቅኩትም እኔ ነኝ። ውሃው ውስጥ ቆመን፣ «አፍንጫህን ያዝ፤ እስካወጣህ ድረስ አትተንፍስ» ስለው ያኔም «እሺ ጋሼ» ነበር ያለኝ።