የቶማስ የፊት ሚስት እና የእኔዋ አስካለ

ሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 1989

ዛሬም መጣች። ልክ በቀትር። ወጥ ቤት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሲንኩ ፊት ቆማለች። አስካለ አይደለችም። አስካለ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አጭር ነበረች፤ ይቺ መለሎ ናት። የቀሚሷ ጠርዝ ውሃ ያንጠባጥባል። አማተብኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የለችም። ወለሉን በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ ነው።

ሰው ቢሰማ ሽማግሌው ጃጀ ይላል። አልጃጀሁም። የቀትር ጋኔን ነው እንዳልል፣ ጋኔን ያስደነግጣል እንጂ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይቆምም።

ጥፋቱ የሚስ ኤድና ነው። ሚስ ኤድና ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የሞተባት ነጭ አሮጊት። ከአገሬ ወጥቼ ጋርላንድ የሚባል ከተማ ከገባሁ ጀምሮ በዚህ መንገድ ላይ ቆማ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ናት። ሥራዋ ዘር መቁጠር ነው። ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላይ መሬት ያቀና ቶማስ የሚባል አባት አላት። እስከሱ ድረስ በረንዳ ላይ ወረቀት ዘርግታ ትቆጥርልኛለች። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ለዘር ቆጠራ ግን ይበቃል። አባት፣ እናት፣ ወለደ፣ ሞተ። ሌላ ምን አለው?

እኔ ደግሞ በዚህ ነገር አልታማም። በእኛ አገር ርስት የሚገኘው እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ነው። በጉብዝናዬ ዳኛ ፊት ቆሜ አሥራ አንድ አባት ሳልንተባተብ ቆጥሬ መሬቴን አስመልሻለሁ። ፊደል የለየሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ጽሕፈቴን አስካለ «ዶሮ የጫረችው» ትለው ነበር። ትበል። አባቶቼን ግን ዶሮ አልጫረቻቸውም።

«የቱን መሬት ነው የምትከራከሪው?» አልኳት ሚስ ኤድናን ባለፈው።

«ምንም መሬት የለም» አለች።

«ታዲያ ለምን ትቆጥሪያለሽ?»

የእነ ቶማስ ዘሮች ማኅበር አላቸው አሉ፤ እዚያ ለመግባት ነው። በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው ምሳ ይበላሉ። ለአንድ ምሳ ይሄ ሁሉ አባት!

በማን በኩል እንደምትወርድ ጠየቅኋት። በቶማስ ሁለተኛ ሚስት። የፊተኛዪቱስ? አብራው በመርከቡ መጣች፤ የመጀመሪያው ብርድ ገደላት፤ ልጅ አልወለደችም። ስሟ? አልተጻፈም። «ሚስቱ» ብቻ ነው የሚለው። ይህን ብላ ገጹን ገለበጠችው። ለእኔ አልተገለበጠልኝም። በማግሥቱ ሴትዮዋ ወጥ ቤቴ ገባች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ጠዋት ጠበል ረጨሁ። ከቤተ ክርስቲያን በላስቲክ ጠርሙስ ያመጣሁትን። በሩን፣ ሲንኩን፣ የፍሪጁን ጀርባ ሳይቀር። በቀትር መጣች። ሲጀመርም ውሃ ያራሳትን ሴት ጠበል ምን ያደርጋታል?

ተናገርኳት። «እህቴ፣ ቤት ተሳስተሻል። የቶማስ ወገን ከዚህ ግድግዳ ማዶ ናት» አልኳት። ኋላ ሳስበው የሚስ ኤድና ወገን አይደለችም። የማንም ወገን አይደለችም። ለዚህ ይሆናል ባዕድ ቤት የገባችው።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ትዕግሥት ደወለች። ዩለስ ነው የምትኖረው፤ ኤርፖርት ትሠራለች። እንደ ሁልጊዜው ስለ እናቷ ድንጋይ ነው። አስካለ ካረፈች ዓመት አልፏል። መቃብሯ ላይ ያለችው ያኔ የተከሏት ትንሽ ቆርቆሮ ናት። ሐውልት እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ድንጋይ ካቆምኩ እዚህ ቀረች ማለት ነው። አፅሟን ወስጄ አባቷ ደብር አሳርፋታለሁ ብያለሁ። ያልኩትን አልመልስም።

«አባባ፣ ማን ነው የሚወስዳት? እርስዎ የጋርላንድን አውቶቡስ እንኳ ብቻዎን አይወጡም።»

«አልወጣም እንጂ አልችልም አላልኩም።»

«ኦኬ አባባ። ሶ፣ ለእማዬ ቆርቆሮ ይበቃታል ማለት ነው?»

ዘጋሁባት። ስለ ሴትዮዋ አልነገርኳትም። ብነግራት ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ትይዝብኛለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሚስ ኤድና ዘንድ ሄጄ በግልጽ ተናገርኩ። የዚያችን ሴት ስም ፈልጊ አልኳት።

«አቤራ» አለችኝ (አበራ ማለት አይሆንላትም)፣ «ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። ብዙ ፈልጌያለሁ። የለም።»

«የአባቷን ቤት ጠይቂ።»

«ስሟን ሳላውቅ የአባቷን ቤት በምን አገኘዋለሁ?»

እውነቷን ነው። ስም ከሌለ አባት የለም፤ አባት ከሌለ ስም የለም። እንዲህ ያለ ሙግት ገጥሞኝ አያውቅም። እኛ ዘንድ ወገንህ ቢክድህ ባላንጣህን ትጠይቀዋለህ፤ ያንተን ዘር ከባላንጣህ በላይ የሚያውቅ የለምና። ይቺ ባላንጣ እንኳ የላትም።

«ደግሞ ለምን ተጨነቅህ? እኔ እኮ ከሷ አልወረድኩም» አለች።

«ለዚሁ ነው የምጨነቅ» አልኳት። አልገባትም ወይም እንግሊዝኛው አልሆነልኝም።

ነገ የፈረንጆች የምስጋና ቀን ነው። ልጇ ሩቅ አገር ነው፤ አይመጣም። ምሳ ጠራችኝ። እሺ አልኩ። ቀትርን ወጥ ቤቴ ከማሳልፍ ይሻላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ገና ልቤ አልተረጋጋም። በተራ ልጻፈው።

ሚስ ኤድና በግ የሚያህል ዶሮ ጠብሳ ጠበቀችኝ፤ ተርኪ የሚሉትን። ጾመ ነቢያት እሑድ መግባቱን ረስቼ ነው እሺ ያልኩት። ድንቹ ቅቤ አለው፣ ዳቦው ቅቤ አለው፣ ባቄላው ላይ ሳይቀር ሥጋ ጣል አድርጋበታለች። ቅቤ ያልነካው ድንች ቀቀለችልኝ፤ በጨው በላሁ።

«ወፍ ነው እኮ አቤራ፣ አሳማ አይደለም!»

«ወፍም ነፍስ አለው።»

«አሁን የለውም» አለች። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቅኩ እንጃ።

ከምሳ በኋላ የባሏ መቃብር ላይ አበባ ልታኖር ነበር፤ አስካለም እዚያው ነው ያለችው፣ በማዶ በኩል። በመኪናዋ ወሰደችኝ። ነፋስ ነበር፣ ሣሩ ቀይ ቡኒ ሆኗል። የአስካለን ቆርቆሮ አፈር ሸፍኖታል። ሚስ ኤድና በመሐረቧ ጠረገችው። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፣ ሙታን ላይ ማንበብ ልማዷ ነው።

«አስካለ ይመኑ።»

«ማን?» አልኩ።

«አስካለ ይመኑ ነው የሚለው።»

የፈረንጅ ፊደል አላነብም። ስሟ ተጽፏል ተብያለሁ፣ አምኛለሁ። ይመኑ አባቴ ነው። እኔ አበራ ይመኑ ነኝ። አስካለ የተሰማ ልጅ ናት፤ አስካለ ተሰማ!

ሚስ ኤድና ነገሩ ወዲያው አልገባትም። እዚህ አገር ሴት የባሏን ስም ትወስዳለች። እኛ አንወስድም፤ ሰው በአባቱ ነው የሚጠራ አልኳት። እጄን እያወራጨሁ አስረዳኋት።

«እንግዲያ» አለች፣ «እንደ አገራችሁ ለሚያነብ ሰው እህትህ ናት ማለት ነው?»

«ሚስቴ ናት!»

«አውቃለሁ። ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይጽፋል? የይመኑ ልጅ፣ የአበራ እህት። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምጽፈው።»

ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ ዝምድና አለመኖሩ ተረጋግጦ ያገባኋት ሴት በወረቀት እህቴ ሆና ተቀብራለች። ሚስ ኤድና ብብቴን ይዛ መኪናው ድረስ አመጣችኝ። እሷም አሮጊት ናት፤ ማን ማንን እንደደገፈ እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ጠዋት ትዕግሥትን ደውዬ ጮህኩባት።

«አባባ፣ ለኢሚግሬሽን ነው። ባልና ሚስት ላስት ኔማቸው ሲለያይ ጥያቄ ያበዛሉ ብለው መከሩኝ። እማዬን ጠይቄያት እሺ ብላለች።»

«እሷ እሺ አለች?»

«ስቃ ነዋ! ‹በስተርጅና የይመኑ ልጅ ሆንኩ› ብላ።»

ለእኔ አልነገረችኝም። ቤት እንደማፈርስ ታውቃለች። ይህን ሳስብ ቁጣዬ መሄጃ አጣ። ቢሆንም ጮህኩ፤ የእናትሽን አባት ገደልሽው አልኳት። ትዕግሥትም አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ግን አልማረችኝም።

«ቆርቆሮዋ ላይ የጻፉት ከዚያው ወረቀት ገልብጠው ነው፤ እሷም ለጥቂት ጊዜ ነበረች። ድንጋይ ብናቆም ኖሮ ያኔውኑ እናርመው ነበር። ያ ወረቀት ስሟ ሆኖ የቀረው በማን ምክንያት ነው?»

ስልኩን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ተቀምጬ የአስካለን አባቶች መቁጠር ጀመርኩ። አስካለ። ተሰማ። ገብሬ። ገብሬ... ቆመብኝ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ፤ እዚያው ቆመ። የራሴን አሥራ አንድ እንደ ዳዊት እወጣቸዋለሁ፣ የእሷ ሁለት! ያን ጊዜ ሰባቱን የቆጠሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እኔ ልጅቷን ነበር የማየው። ሽማግሌዎቹ የሉም። ወንድሞቿ የሉም። ትዕግሥትን መልሼ ደውዬ ጠየቅኋት፤ ከተሰማ በላይ አታውቅም። እኔ ስሞት ገብሬም ይሞታል ማለት ነው። ተሰማን ደግሞ ቆርቆሮው ገድሎታል።

በቀትር መጣች። ዛሬ አልቆመችም። በአስካለ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። የተቀመጠ ሰው ረጅም ይሁን አጭር አይለይም። የቀሚሷ ጠርዝ ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ አልታየኝም። አስካለ ብዬ ልጠራ ፈለግሁ፤ ተውኩት። ባትመልስልኝስ? ዞራ ብታየኝስ? ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ኮት አልያዝኩም፤ ሚስ ኤድና ብርድ ልብስ ጣል አደረገችብኝና ምንም ሳትጠይቅ ገባች።

ማታ ለትዕግሥት «ድንጋዩ ይቁም» አልኳት። «አባባ?» አለች። «ሰምተሻል። ሁለት ጊዜ አታስብዪኝ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም

ትዕግሥት ከዩለስ መጥታ ድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ወሰደችኝ። ሰውየው ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ አቧራ ነጥቷል። ፊደላችን የለውም። ጽፈህ ስጠኝ፣ እንደሣልከው አድርጌ እቀርጸዋለሁ አለ።

ትዕግሥት በኮምፒውተር የሚያሳምር ሰው አለ፣ ኮል ላድርግለት አለች። እምቢ አልኩ። ሰፊ ወረቀት ሰጠኝ። አራት ወረቀት አበላሸሁ፤ ሰውየው አምስተኛውን ሳይናገር አቀረበልኝ። አስካለ ተሰማ ገብሬ። ዶሮ የጫረችው ነው፤ ግን ይነበባል። ከሥሩ የአበራ ይመኑ ባለቤት አልኩ፤ እህት የሚል እንዳይመጣ። የፈረንጁን ፊደል ትዕግሥት ጻፈች፤ ተሰማ ብላ። የመቃብሩ ቢሮ መዝገብ ይመኑ ስለሚል ድንጋዩ እስኪያርሙት ይቆያል አለች። ያርሙት። ከዚህ የባሰ ሙግት አሸንፌያለሁ።

ቀራጩ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። በእነሱም አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም አሉ። እሱና እኔ ተግባባን።

ኋላ ጠየቀን። ድንጋዩ የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት? ትዕግሥት መሬት መሬት አየች።

«የሁለት አርገው» አልኩ። «በዚያኛው በኩል ግን እስኪነገርህ ምንም አትጻፍ።»

መኪና ውስጥ ትዕግሥት እጄን ይዛ ነዳች። በሁለት እጅሽ ንጂ አልኳት። አልለቀቀችም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከቅዳሴ ስመለስ ቀትር አልፏል። ወጥ ቤት ገባሁ። ማንም የለም። ትናንትም በቀትር ቤት አልነበርኩም። መጥታ አጥታኝ ሄዳ ይሁን፣ ጨርሶ ትታኝ ይሁን አላውቅም። ወንበሩን ነካሁት። ምንም።

ሚስ ኤድና በሩን አንኳኳች። ወረቀቷን ይዛለች። ከቶማስ ጎን፣ ከሁለተኛዋ ሚስት በፊት፣ አንድ ባዶ ሳጥን ሥላለች። «ስም የለኝም፤ ቦታ ግን አደረግሁላት» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ አልኳት፣ በአማርኛ። ገባት መሰለኝ፤ አንገቷን ነቀነቀች።

ዛሬ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር መጣልኝ። የአስካለ ወንድም የሞተ ጊዜ፣ አስካለ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ስታወርድ አባቶቿን ስትጠራ ሰምቻለሁ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ሥር ነበርኩ። የተሰማ ልጅ፣ የገብሬ የልጅ ልጅ አለችና ቀጠለች። ደምሴ። «የደምሴ ዘር» ያለች መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ቅዳሴው መሐል ድምፅ አውጥቼ ደምሴ አልኩ፤ ሰዎቹ ዞረው አዩኝ።

ቤት መጥቼ ሳሰላስለው ተጠራጠርኩ። በርስት የተካሰስኩት ሰው አባትም ደምሴ ነበር። የትኛውን ደምሴ ነው ያስታወስኩት? የሚመሰክርልኝ ሰው ከሰማይ በታች የለም። ትዕግሥት ደስ አላት፤ ለቀራጩ ሰኞ እንንገረው፣ ይጨመር አለች።

አይጨመርም አልኩ። ድንጋይ ላይ የሚጻፈው በዳኛ ፊት ልምልበት የምችለው ነው። በተሰማ እምላለሁ፣ በገብሬ እምላለሁ። በደምሴ አልምልም። ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ይሁኑ። ሦስተኛውን እኔ ይዤላት እሄዳለሁ። ስንገናኝ ልክ ነህ ትለኛለች፤ አለዚያም በባላንጣህ አባት ጠራኸኝ ብላ ትስቅብኛለች።