የናሁሰናይ ሙጬ ዕረፍትና «ትርፍ» የተባሉት ፊልሞቻቸው

ፍኖት የፊልም ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች አባሉን፣ ዳይሬክተር ናሁሰናይ ሙጬን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው በሞት አጥቷል። ማኅበሩ በእጅጉ አዝኗል። ሀዘኑን የሚገልጸው ግን አንገቱን ደፍቶ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን ብሎ ቀና በማለት ነው።

ዳይሬክተር ናሁሰናይ ቡሬ ተወልደው ፍኖተ ሰላም ተምረዋል። ስለተሸለሙት ሦስት ረጃጅም ፊልሞቻቸው ብዙ ስለተባለ፣ ይህ መግለጫ የሚናገረው ስለ ዘጠኙ ታናናሽ ሥራዎቻቸው ነው።

በ1996 ዓ.ም. በርበሬ አደራረቅን የሚያሳይ የአሥራ ስምንት ደቂቃ ፊልም ሠሩ። ይንዛዛል የሚለው ትችት እውነት ነው። የቡሬ ገበሬዎች ግን እስኪሸመድዱት አይተውታል።

በ2001 ዓ.ም. የሠሩት አስቂኝ ፊልም አላሳቀም፤ ዛሬም አያስቅም። ሆኖም የፍኖተ ሰላምን ጋሪ ነጂዎች በዚያ ክብር ያየ ካሜራ እስካሁን አልመጣም።

በ2006 ዓ.ም. ስለ ወሊድ የሠሩት ፊልም ግማሹ በአገውኛ ነው፤ የአማርኛ ትርጉም አልተጻፈበትም። የማኅበራችን ገምጋሚ ኮሚቴ «ለተመልካች አይገባም» በማለት የምስክር ወረቀት ከለከለው። በቡሬ ዙሪያ ቀበሌዎች ሲታይ ግን ትርጉም የጠየቀች እናት አልነበረችም።

በ2009 ዓ.ም. ማኅበሩ ዘጠኙን ፊልሞች «ትርፍ» የሚል በተጻፈበት ካርቶን አኖራቸው፤ ይወገዱ የሚል ሐሳብም ቀረበ። ዳይሬክተሩ ጽሑፉን አይተው «ትርፍ ካላችሁኝማ አትርፌያለሁ» ማለታቸው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ያን ዕለት ስቀን አለፍን፤ ነገሩ የገባን ዘግይቶ ነው፤ በዚህም እናፍራለን።

ጠቅላላ ጉባኤው ትናንት በአስቸኳይ ተሰብስቦ ዘጠኙንም እንደገና አይቷል። አራቱ ደካሞች ናቸው። ደካሞቹም ብርቱዎቹም ከታላላቆቹ ጋር በአንድ መደርደሪያ እንዲቀመጡ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የተከለከለው የምስክር ወረቀትም ከይቅርታ ጋር ለቤተሰቡ ተሰጥቷል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ባንቺአየሁ ላቀው፣ ለልጃቸው ለያምሮት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በፊልሞቻቸው ለታዩ የገጠር ሰዎች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በአርባቸው ዕለት ፊልሞቹ በፍኖተ ሰላም ለሕዝብ ይታያሉ። መክፈቻው የወሊዱ ፊልም ነው፤ ትርጉም አይጨመርበትም። ከቡሬ ገጠር የሚመጡት እናቶች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ያልገባን ካለ እነሱን እንጠይቃለን።