አናጢ ያልሆነው የአናጢ ልጅ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018
አትላንታ

ዘሃራዬ፣

አታምኚኝ ይሆናል፣ ግን ዛሬ ከማላውቀው ሰው ጋር አወራሁ። እኔ፣ ሩሚሳ! የአጎቴ ጎረቤት ናቸው፤ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ ሽማግሌ። ለነገ የዘመድ ስብሰባ የሚለብሱትን፣ የስኮትላንድ ወንዶች የባህል ልብስ የሆነውን ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ ደጃቸው ላይ ሲሞክሩ እኔና የአጎቴ ልጅ ሳሚያ አገኘናቸው። ደሴ ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ይወጣ ነበር። እዚህ ዞር ብሎ ያየ የለም።

ስማቸው ማልኮም ማክንታየር ነው። "ማክንታየር የአናጢ ልጅ ማለት ነው" አሉኝ፤ ሳሚያ ተረጎመችልኝ።

"አባትዎ አናጢ ነበሩ?"

"ኧረ፣ የጥርስ ሐኪም! አናጢው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ቅድመ አያታችን ነው፤ ሁላችንም በሱ እንጠራለን።"

"ታዲያ የአባትዎ ስም የት ሄደ?"

ሳሚያ ቆነጠጠችኝ። "ሩሚ፣ ፕሊስ! እንደዚህ አይጠየቅም።" ግን ተረጎመችው።

ሽማግሌው አቀርቅረው የቀሚሳቸውን ሽንሽን ማስተካከል ጀመሩ። አስቀየምኳቸው ብዬ መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ። በኋላ ቀስ ብለው "አባቴ ዩዋን ይባሉ ነበር" አሉ። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

"እኛ አገር ቢሆኑ ማልኮም ዩዋን ይባሉ ነበር" አልኳቸው። ደጋግመው አሉት፤ እየሳቁም ዓይናቸውን ጠረጉ። "ነገ መናፈሻው ውስጥ ሁሉም ማክንታየር ነው። መጥተሽ እነሱንም ጠይቂያቸው!" አሉኝ።

የፖስታ ካርዷ ሞላች። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ የትንሿ እህትሽንም ጉንጭ ሳሚልኝ። ነገ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁትን ሰው የአባቱን ስም እጠይቀዋለሁ፤ ያለ ሳሚያ፣ በራሴ እንግሊዝኛ።