ባዶ ሆኖ ስለ ተገኘው የሌዘር ቱቦ ለጓድ ዓለምሰገድ የቀረበ ምስጋና

ለጓድ ዓለምሰገድ ይመኑ፣
በቦሌ የአየር ጭነት የልዩ ዕቃዎች አጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤንነት፣ በተለይም ለዓይንዎ ጤንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ማንሳቴ የአገራችን የፊዚክስ ምርምር በአሁኑ ሰዓት በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የሰጠሁት ለጋዜጣ ነበር። አዘጋጁ አንብበው ከልብ ከሳቁ በኋላ ለጤናዬ ሲሉ መለሱልኝ። ስለዚህ በመምህራን ክበባችን ሰሌዳ ላይ ከስኳር ዕደላው ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ስኳር የማይፈልግ መምህር ስለሌለ እንደሚነበብ እርግጠኛ ነኝ። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ በእጄ አደርሳለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ በዩኒቨርሲቲው የሌዘር ስፔክትሮስኮፒ ከፍተኛ ተመራማሪ ነኝ። ሥራዬ በአጭሩ በአንድ ነገር ላይ ብርሃን አብርቶ፣ ነገሩ ከሚመልሰው ብርሃን ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፍቱና ሳይሰብሩ ማወቅ ነው። ከእርስዎ ጋር እንግዲህ የሙያ ባልደረቦች ነን ማለት ነው። ሁለታችንም በዕቃ ውስጥ ያለውን እናጣራለን፤ የምንለያየው በመፍቻ አጠቃቀም ብቻ ነው።

ምንትዋብ አዝመራ የተባለች የማስተርስ ተማሪዬ በሻገተ በቆሎ ውስጥ ያለውን መርዝ በሌዘር ብርሃን ለመለየት የመመረቂያ ጥናቷን ጀምራ ነበር። አሮጌው የሌዘር ቱቦአችን ዕድሜውን ጨርሶ አልበራ ባለ ጊዜ፣ ጣሊያን አገር የሚኖሩ አንድ ባልደረባዬ ከራሳቸው ላቦራቶሪ ነቅለው ሌላ ላኩልን። የትምህርት ክፍላችንም ሌዘሩ እስከ ሰኔ ካልበራ ጥናቷ እንደሚሰረዝና እንደማንኛውም ምሩቅ ለሥራ ምደባ እንደምትላክ በግልጽ ነገራት። ቱቦው ቦሌ የደረሰው በጥር ስለ ነበር እኔም እርሷም አልተጨነቅንም። እርስዎን ገና አላወቅንዎትም ነበርና።

አንደኛ፤ ቱቦውን ስለ ጠበቁልን አመሰግናለሁ። ከጥር እስከ ግንቦት ከእጅዎ አልወጣም። ቤቴ ኦሎምፒያ አካባቢ በመሆኑ ወደ ቢሮዎ በእግሬ ስመላለስ ሐኪም ያቃተው የደም ግፊቴ ተስተካክሎልኛል። በሄድሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ወይዘሪት ፀሐይነሽ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በፈገግታ ይነግሩኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ራስዎ በሩን ከፍተው ሻይ ካዘዙና መልሰው ከዘጉት በኋላ፣ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ከመንገር ወደኋላ አላሉም። እንዲህ ያለ ጽናት ያለው መሣሪያ በላቦራቶሪዬ ኖሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ሌዘር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ለአገር ደኅንነት ስላሳዩት ንቃት አመሰግናለሁ። ጨረሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድና አውሮፕላን ይጥል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። የእኛው ሌዘር ክብሪት እንኳ እንደማይለኩስ ባስረዳሁ ጊዜ ደግሞ የትውልድ አገሬን ጠየቁኝ። ትግራይ፣ እንደርታ ብዬ ስመልስልዎ ብዕርዎን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። ጓድ ዓለምሰገድ፣ ያን ዕለት ፈርቻለሁ። ይህን በቀልድ መጠቅለል አልቻልሁም። ውጭ አገር እንድቀር ሲለምኑኝ አገሬ ይሻለኛል ብዬ የተመለስሁ ሰው፣ በእርስዎ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጬ እስከ በሩ ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁ። ጨረሩ ግን የሰው ትውልድ እንደማይለይ ከተቻለ በመዝገብዎ ይያዝልኝ።

ሦስተኛውንና አራተኛውን መለየት ስላልቻልሁ አንድ ላይ ይምጡ። በግንቦት ወር፣ በእርስዎ መመሪያ፣ ከመጋዘን፣ ከቀበሌና ከሴቶች ማኅበር የተውጣጣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። በሣጥኑ ላይ አትክፈቱ የሚል ቃል በተለያዩ ቋንቋዎች ተጽፎ ነበር፤ ኮሚቴው ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፈው የሚደበቅ ነገር ሲኖር ብቻ መሆኑን በቃለ ጉባኤው አስፍሮ፣ በሙሉ ድምፅ የቱቦውን ጫፍ በመፍቻ ሰበረ። በቱቦው ውስጥ የነበረው አርጎን የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ሌዘሩን የሚያበራው ግን እርሱ ነው። አንዱ አባል አጮልቆ አየ፣ ሌላው አሸተተ፣ ሦስተኛዋ ገልብጠው አራገፉት፤ ምንም ጠብ አላለም። በዚህም መሠረት ዕቃው ባዶ ሆኖ መገኘቱ፣ ላኪውም የኢትዮጵያን ሰፊ ሕዝብ ማታለላቸው ተረጋግጦ፣ እኔም ካሣ እንድጠይቃቸው ተመክሬአለሁ።

የሰበሩትን ጫፍ በፕላስተር አሽገው ክብ ማኅተም ስላደረጉበት ከልብ አመሰግናለሁ። ቱቦው አሁን በእርግጥ ባዶ አይደለም፤ የቦሌ አየር ሞልቶበታል። የቦሌ አየር ለሳንባ ተስማሚ ቢሆንም ሌዘር አያበራም። ጋዙን በተመለከተም በከንቱ ጠፋ አልልም፤ የኮሚቴው አባላት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው የምንትዋብን የመመረቂያ ጥናት ተነፈሱት።

ሣጥኑን ላቦራቶሪ ወስጄ የከፈትሁት ከእርሷ ጋር ነው። ማኅተሙን አይታ አላለቀሰችም። ለማንኛውም ቱቦውን ገጥመን እንሞክር አለችኝ። እንደማይበራ ከእኔ እኩል ታውቃለች፤ ገጠምነው፣ አልበራም። ቀስ ብላ ፈታችው፣ በጥጥ ጠቀለለችው፣ የበቆሎ ናሙናዎቿንም ከመደርደሪያው ላይ ማውረድ ጀመረች። እኔ እዚያ መቆም አቅቶኝ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ሐዘኔ ይበልጥ ነበር።

ወደፊት የታሸገ መስታወት በእጅዎ ቢገባ፣ ኮሚቴ ከማቋቋምዎ በፊት እንዲጠሩኝ በትሕትና እለምናለሁ። መንገዱን ለምጄዋለሁ፤ በእግሬ እመጣለሁ።

ለሳይንስ ያለዎት ቅርበት ከዚህ በላይ እንዳይጨምር እየተመኘሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲሰጥዎ፣ ሹመቱ ግን ከመስታወት በራቀ መሥሪያ ቤት እንዲሆን እየለመንሁ፣ ከላቀ አክብሮትና ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ዶክተር ሐዱሽ ተወልደ
የማይበራ ሌዘር ላቦራቶሪ ኃላፊ
ሰኔ 1982 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ከፈረምሁ በኋላ የደረሰኝ ዜና፤ የምንትዋብ ጥናት ተሰርዟል፤ የሥራ ምደባዋም ዛሬ መጥቷል። ፋይሏ ላይ ከውጭ የሚገቡ መሣሪያዎችን ታውቃለች የሚል ስለ ተገኘ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት የዕቃ አጣሪ ሆና እንድትሠራ ተወስኗል። እባክዎ ወንበር ያዘጋጁላት። ቱቦው ከመሰበሩ በፊት ተመድባልዎ ቢሆን ኖሮ እንዳይነካ ትነግርዎ ነበር፤ ቱቦው ባይሰበር ኖሮ ግን ወደ እርስዎ ባልመጣች።